ለዚያ ልጅ ለምን እንደፈረምኩ

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ከእስር ቤት ለወጣ ሰው ተያዥ ትሆናለህ? ሌባ እኮ ሌባ ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው።

ትንሽ ልጅ ሆነሽ «አባትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይሉሽ ነበር። ክፍለ ሀገር አልነበርኩም። ታስሬ ነበር።

በ1997 መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ አንዲት ነጋዴ ዘንድ ኩንታል እሸከም ነበር። እትዬ እንላቸዋለን። የፋሲካ ዋዜማ ከመሳቢያቸው 12 ሺህ ብር ወሰድኩ። ሰበብ አልደረድርም፤ ሰረቅኩ። 5 ዓመት ተፈረደብኝ። ሕጉ ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ በአመክሮ እንዲወጣ ስለሚፈቅድ፣ በ3 ዓመት ከ4 ወር ወጣሁ።

ከእስሩ ይልቅ መውጣቱ ከበደኝ። አንዱ አሻራ አምጣ ይለኛል፣ ሌላው ተያዥ። ሠራተኛ ያጎደለውን የሚከፍለው ተያዡ ነው፤ ለእኔ ማን ይፈርማል? የገዛ ወንድሜ እንኳ ስልኬን አላነሳም።

እትዬ ዘንድ የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተነሥ!» ብለው ጮኹብኝ። «የወሰድከው የልጄን የኮሌጅ ክፍያ ነው። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች» አሉኝ። ይህች ቃል እስካሁን ታመኛለች። ልወጣ ስል «ለመሆኑ ምን እየሠራህ ነው?» አሉ። ተያዥ ማጣቴን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የጆንያ አፍ እየሰፉ ነበር፤ ሰፍተው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ነገ በጠዋት ና።»

ንግድ ፈቃዳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሥራ የጠየቅኩበት መጋዘን ጸሐፊ «ያውቁታል?» ሲላቸው «አውቀዋለሁ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሲፈርሙ ከጣታቸው የጤፍ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ቀረ። እኔ እሱን እሱን አይ ነበር፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ በየወሩ 200 ብር እየወሰድኩ እሰጣቸው ጀመር። በደብተር ይመዘግባሉ። ተከፍሎ ሲያልቅ 5 ዓመት ሞላ።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ ቆሞ «ተያዥ አጣሁ» ሲለኝ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ ልጄ። ቢያጎድል ከደመወዜ ይቆረጣል፤ እናትሽም ይህን ታውቃለች። ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

እትዬ ዓይናቸው ደክሟል። እሁድ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ከተመቸሽ ነዪና አብረን እንሂድ። ደብተሩን አልጣሉትም፤ ያሳዩሻል።

አባትሽ