የበር ስምና የመዝገብ ስም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምረቃ ወቅት በመጣ ቁጥር ጋዜጦች «ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ታላላቅ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ያወጣሉ። የተመረቀው፣ ጀምሮ ያቋረጠው፣ ያስተማረው፣ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው፣ ስሙ ለሕንፃ መጠሪያ የዋለለት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይደረደራል። አንባቢ ማን ምን እንደነበረ የሚለይበት ነገር አያገኝም። ዝርዝሩ እንዲቀር አንፈልግም፤ እንዲታመን ግን በእያንዳንዱ ስም ሥር ጥቂት ነገር መጨመር አለበት።

ከከተማችን እንጀምር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋሙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስን ስም ይዟል። ስሙን በር ላይ ያነበበ አዲስ ገቢ ተማሪ ፕሮፌሰሩ እዚህ ተምረው ወይም አስተምረው ያለፉ ቢመስለው አይፈረድበትም። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ግን ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተማሩት በግብፅ አሌክሳንድሪያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ሲሆን ሕክምናውን ያጠኑት በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያስተሳሰራቸው ሥራቸው ነው፤ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፣ ለዓመታትም በዲንነት መርተውታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ካከሙ ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው የተሰናበቱት 42 መምህራን ስም ውስጥ የእሳቸውም አለ። እንግዲህ የአዲስ አበባም የደብረ ብርሃንም ምሩቅ አይደሉም። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም፤ እንዲያውም አንድ ሐኪም ባልተማረበት ከተማ ለምን መታሰቢያ እንደቆመለት ተማሪው እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካይሮ፣ ዶክትሬታቸውን ጀርመን ቱቢንገን አግኝተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ኋላም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር አብያተ ክርስቲያናት በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖሩ። በዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ውስጥ ቦታቸው «መምህር» በሚለው ሥር ነው።

የመሪዎች ነገር ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ምክንያቱም አንባቢ ወዶም ጠልቶም ያነባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል «ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ» የሚለው የጳውሎስ ቃል ነው፤ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አቶ መለስ ዜናዊ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ጀምረው በ1967 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ትተው ወደ ትግል ወጡ፤ ስለዚህ «ተማሪ የነበሩ» እንጂ «ምሩቅ» አይባሉም። የኤርትራው ፕሬዝዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂም እዚያው ምህንድስና ጀምረው አቋርጠዋል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በሲቪል ምህንድስና በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀዋል። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ደግሞ ከዚያው ያገኙት ዶክትሬታቸውን ነው፤ ከሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙ በ2009 ዓ.ም.። አራቱንም «የዩኒቨርሲቲው ፍሬዎች» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ሦስት ዓይነት ግንኙነት መሆኑን መጻፍ ግን ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ሌላው የሚያሳስተው የተቋሙ የራሱ ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሲጀምር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ሲደራጅ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ የምህንድስናና የሕንፃ ኮሌጆች፣ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም በሥሩ ገቡ። ስለዚህ በስልሳዎቹ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ዲግሪ የያዘ ሰው ስድስት ኪሎን ረግጦ የማያውቅ የዓለማያ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የቀድሞ ተማሪዎቹን የእኔ አለ፤ አዲስ አበባም አልለቀቀም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግራ የሚያጋባው የኮሌጁ ስም ሲቀር ነው።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የውጭውን ዘመን ወደ እኛው ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ተማሪ የሚገባው መስከረም ላይ፣ የሚመረቀው ሰኔና ሐምሌ ላይ በመሆኑ ለመግቢያው 7፣ ለመውጫው 8 ነው። በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 1963 ገብቶ በጁላይ 1968 የተመረቀ ሰው በእኛ ከ1956 እስከ 1960 ዓ.ም. ተምሯል። ለሁለቱም 7 የቀነሰ 1961 ላይ ያስመርቀዋል፤ ለሁለቱም 8 የቀነሰ 1955 ላይ ያስገባዋል። የአራት ዓመቱ ትምህርት አምስት ዓመት መፍጀቱም ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመት ሲጨርሱ አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፣ አብዛኞቹም በማስተማር። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ መደበኛው ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት «ተመረቀ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ወረቀቱን ጠይቁ።

ዩኒቨርሲቲው ከአገር መሪዎች ጋር ስላለው ትስስር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የቤተ መንግሥቱ ስጦታ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ዋና ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጡት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ፣ እሳቸውም ቻንስለር ሆኑ። ቀጥሎ ፕሬዝዳንት የሆኑት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ነበሩ።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን የዚያ ግቢ ታሪክ ከስጦታው ይቀድማል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ነው። በቀሉ አዲስ አበባ ላይ አላበቃም። ግንቦት 13 ቀን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ለጊዜው የተረፉት ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ከከተማው አጠገብ ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ሲያስታውቅ መነኮሳቱን 297፣ ደብረ ብርሃን ላይ የተገደሉትን ዲያቆናት 129 ብሎ ቆጥሯል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያም በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ፣ በዚያው ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩ ሹማምንት ተገደሉ። በጣልያን ዘመን የሸዋ አርበኞችን የመሩት ራስ አበበ አረጋይ አንዱ ናቸው። ግቢው ዩኒቨርሲቲ የሆነው በዓመቱ ነው።

ዛሬ ቤተ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ ያሉበት ነው። ከፊቱ ጣልያን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒ አገዛዝ አንድ ዓመት ነው። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከደብረ ብርሃን ለጉብኝት የሚሄዱ ተማሪዎች አንበሳው ሥር ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ከዚያ ግቢ ተነሥቶ እስከ ገዛ ከተማቸው የደረሰውን ግድያ አስጎብኚው ቆሞ ቢነግራቸው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የአካባቢያችንን ልጆች በድሮ መዝገብ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን እንንገረው። «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። በንጉሡና በአብዛኛው የደርግ ጊዜ የትውልድ ቦታ የሚጻፈው በአውራጃ ነበር፤ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ፣ ሰላሌ። ስም ሲፈለግም እስከ አያት ይሁን፤ «ኃይለ ማርያም» አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ፣ አንድ ጊዜ ተለያይቶ ይጻፋል፣ «ዐሥራት»ም በ«አ» እና በ«ሰ» ይገኛል። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ደግሞ የሚቀድመው የአባት ስም ነው። ተመራቂው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወረቀት ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ምረቃም ላይ በእጃቸው ይሰጡ ነበር።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹ ባቾች ገና በሥራ ላይ ያሉ ጎልማሶች ናቸው፤ የቀድሞ ተማሪዎች መዝገብ ለማዘጋጀት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይኖርም። መነሻው የተማሪዎች ኮሚቴ የሚያሳትመው የምረቃ መጽሔት መሆን የለበትም። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው ውጤት ሳይጸድቅ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ፎቶው በመጽሔቱ ወጥቶ ዲግሪው ሊቀርበት ይችላል። መነሻው ሴኔት ያጸደቀውና ሬጅስትራር የያዘው ዝርዝር ነው። መጽሔቱ ለፎቶና ለትውልድ ቦታ ይጠቅማል፤ ከየዓመቱ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ሬጅስትራር ዘንድ ይቀመጥ።

ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው የምረቃ ወቅት ዝርዝር ሲያወጣ በየስሙ ሥር አራት ነገር ቢጽፍ ይበቃናል፤ ግንኙነቱ፣ ኮሌጁ በዘመኑ ስሙ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የተማረው ትምህርት ወይም የሠራው ሥራ። ለካምፓሳችን በር የምንመኘው ጽሑፍም ይኸው ነው፦

ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ፣ ከ1920 እስከ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.። የቀዶ ሕክምና ሐኪም። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ መምህርና ዲን ነበሩ። ካምፓሱ ለመታሰቢያቸው በስማቸው ተሰየመ።

የታሪክ መምህራን
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ