የሐይቁ ዳር የአልጋ ተከራይ ብቻ ነውን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ አገር ውስጥ ቱሪዝም በሚያወጣቸው ጽሑፎች ስለ ሆቴሎች፣ ስለ ሎጆችና ስለ አልጋ ብዛት ደጋግሜ አነባለሁ፤ አልጋ ሳይከራይ በገዛ መኪናው ውስጥ ማደር የሚፈልግ መንገደኛ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው የካቲት ከአራት ኪሎ ተነሥቼ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዳር ዳር ይዤ እስከ ሐዋሳ ብቻዬን ባደረግሁት የስድስት ቀን ጉዞ ይኸው ጥያቄ በየምሽቱ ስለተደቀነብኝ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ በምትካቸው አናጢ ባበጀልኝ ርብራብ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ዘርግቻለሁ፤ ከሥሩ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንዲት ትንሽ ቡታጋዝና የቡና ዕቃዬ ይገባሉ። ጎረቤቶቼ «በስተርጅና ወያላ ልትሆኚ ነው?» እያሉ ቀልደውብኛል፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል የኖርኩ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝና፣ ጡረታ ስወጣ የሳልኩትን ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ቀን በሞጆና በመቂ አድርጌ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቱ ደረስኩ። ደምበል ወይም ዝዋይ በምንለው ሐይቅ ዳር አጥማጆች ቆሮሶ እየገፈፉ አንጀቱን ሲወረውሩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ከእግራቸው ሥር ተራ ይጠብቃሉ። መኪናዬን እዚያው ላቆም ስል አንድ ሽማግሌ አጥማጅ፣ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውሃው እንደሚወጣ ነግረው ከለከሉኝ። ክልከላቸው ተገቢ ነበር፤ የሚታደርበት ቦታ ተለይቶ መታወቅ አለበት የምለውም አንድም ለዚህ ነው። ያን ሌሊት ከተማ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ ከጭነት መኪናዎች ጀርባ አደርኩ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ላንጋኖ ነው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥዬ በግራሮቹ መካከል በአቧራማው መንገድ ስወርድ ሐይቁ በቅርብ ይታየኛል፤ ነገር ግን አንዱ አጥር ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። በአንደኛው በር ላይ ጥበቃው «አልጋ ይዘዋል?» አለኝ። አለመያዜን ስነግረው ለቀን መግቢያ ከፍዬ መዋል እንደምችል፣ 12 ሰዓት ላይ ግን መውጣት እንዳለብኝ አስረዳኝ። በሁለተኛው በር ያገኘሁት ወጣት ወደ መኪናዬ ውስጥ አየት አደረገና «እናቴ፣ ብቻዎን ነዎት? ሌላ ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከማዘኑ የተነሣ ሊያስገባኝ ቢፈልግም አለቃው በስልክ እምቢ አሉት። በመጨረሻ ጊቢያቸው ውስጥ ከግራር ሥር ያሳደሩኝ አንድ ገበሬ ነበሩ፤ ገንዘብ አልቀበልም ስላሉኝ ቡናና ስኳር ተቀበሉኝ። እርሳቸው እንደነገሩኝ ከብቶቻቸው ውሃ የሚወርዱበት መንገድ ስለታጠረ አሁን አጥሩን ዞረው ነው የሚያጠጧቸው። በማለዳ በዚያው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ። የላንጋኖ ውሃ በእጅ ሲታፈስ እንደ ቀጠነ ሻይ ነው፤ መልኩ ከደቃቅ ደለል የመጣ እንጂ ቆሻሻ አይደለም።

በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የገጠመኝ ሌላ ነበር። በሩ ላይ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተሰጠኝ፣ ስካውት የሚሉት የፓርኩ ጠባቂ ተመደበልኝ፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለውን ሻላን ቁልቁል እያየሁ ተኛሁ። ስካውቱ በአብያታ በኩል መኪናዬን ከውሃው ገና ሩቅ ሳለን አስቆመኝ፤ በእግራችን ስንቀጥል ነጩ የሶዳ ቅርፊት እንደ ደረቀ እንጀራ እየተሰበረ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ያወጣ ነበር። ይህ ሜዳ ቀድሞ የሐይቁ ወለል ነበር። አብያታ መውጫ የሌለው፣ ከደምበል በቡልቡላ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚኖር ሐይቅ ስለሆነ፣ ላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍና የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ተማሪዎቼን ይህን ያስተማርኳቸው ሳላየው ነበር።

ስለ ሐዋሳ ብዙ አልልም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቅ ዳር መንገድ ሁሉም ሰው ይንሸራሸራል፤ ማንም አልጋ ስለመያዜ አልጠየቀኝም።

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ የጋራ ሀብት ከሆነ ወደ ሀብቱ የሚያደርስ መንገድም ሊኖር ይገባል። ሎጆቹ ይፍረሱ አላልኩም፤ ለአካባቢው ልጆች ሥራ ሰጥተዋል፣ ገንዘባቸውንም አፍስሰዋል። የምጠይቀው በየሐይቁ ቢያንስ አንድ ደልዳላ ቦታ እንዲለይ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቦኖ ውሃና የሌሊት ጥበቃ እንዲኖረው፣ የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው በደረሰኝ እንዲያስከፍሉበት፣ በአጥርና በአጥር መካከልም ለሰውና ለከብት መውረጃ እንዲተው ነው። በእኛ ሰፈር ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በተሠራው የኮሪደር ልማት የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ መቀመጫና የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሲበጅ አይተናል። አንድ ሐይቅ ዳር የሚያስፈልገው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

በመጪው ጥቅምት፣ መኪናዬ ከፈቀደችልኝ፣ ወደ ዓባያና ጫሞ ለመውረድ አስቤአለሁ። በአርባ ምንጭ አካባቢ መኪና አቁሞ ማደር የሚፈቀድበትን ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣዎ በኩል ቢጠቁመኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ