የውጭ አገር ሴሚስተር የሚበላሸው ከመሳፈር በፊት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብዙ ተማሪዎች ለዓመታት የተመኙት የአንድ ሴሚስተር የውጭ ትምህርት ተሳክቶ የመቀበያ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም። በተማሪዎች ልውውጥ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው ግን ሌላ ነው፤ ሴሚስተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በደብዳቤውና በበረራው መካከል ባሉት ወራት ነው። ስለ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ምክር የሚሰጥ ሞልቷል፤ ስለ እነዚህ ወራት ግን ብዙም ስለማይጻፍ ይህን ልከናል።

ሙሉ ዲግሪውን ውጭ የሚማር ሰው አንድ ወር ቢዘገይ ቀስ ብሎ ያካክሰዋል። የሴሚስተር ተማሪ ግን ጊዜ የለውም። ትምህርቱ 15 ሳምንት ከሆነና ተማሪው በ4 ሳምንት ከዘገየ ከሩብ በላይ አምልጦታል፤ ላብራቶሪ ያለው ኮርስ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ላይመዘገብ ይችላል።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት ቪዛው ሳይሆን የኮርሱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአውሮፓ በተጀመረውና ዛሬ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ተማሪዎችንም በሚቀበለው ኢራስመስ በተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም፣ ተማሪው፣ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት አለ። በሌሎች ፕሮግራሞችም በሌላ ስም ተመሳሳይ ወረቀት አይጠፋም። በላዩ ላይ ውጭ የሚወሰደው ኮርስ በአገር ቤቱ የትኛውን እንደሚተካ ይጻፋል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው የኮርስ ዝርዝር ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል። ኮርሱ በሌላኛው ሴሚስተር ብቻ የሚሰጥ፣ ለማስተርስ ተማሪዎች የተለየ፣ ወይም በአገሬው ቋንቋ የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ኮርሶች በአንድ ሰዓት የሚጋጩትም ብዙ ጊዜ እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ስለዚህ 5 ኮርስ ለሚያስፈልገው ተማሪ 8 ያህል ማጸደቅ ይሻላል፤ 3ቱ መጠባበቂያ ይሆናሉ።

የክሬዲት ቁጥርም ያሳስታል። በአውሮፓ አሠራር ሙሉ ዓመት 60፣ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል፣ የግል ጥናቱም ተቆጥሮ። በአሜሪካ አቆጣጠር 3 ክሬዲት የሆነ ኮርስ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓው 6 ያህል ነው። በአገሩ በሴሚስተር 15 ክሬዲት የለመደ ተማሪ አውሮፓ ሄዶም 15 ቢመዘገብ ሙሉ ጭነት የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ግማሹን ነው። ይህን የሚያውቀው ተመልሶ ሬጅስትራር ዘንድ ሲቀርብ ከሆነ ምረቃው መዘግየቱ ነው።

የዲፓርትመንት ኃላፊው «ችግር የለም፣ ይያዝልሃል» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ኃላፊ ይቀየራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመሄድ በፊት በእጅ መግባት አለበት። የየኮርሱ ዝርዝር መግለጫም በፋይል ይቀመጥ፤ የየሳምንቱ ርዕስ፣ የሰዓት ብዛት፣ የመማሪያ መጽሐፍና የምዘና ዘዴ ያለበት መሆን አለበት። ድረ ገጾች በየዓመቱ ይታደሳሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ «ኮርሱ ምን ይዟል?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሳያ ይጠፋል።

ስለ ውጤት አቆጣጠርም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው ውጤት ሲሆን 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው፤ 4.0 ከፍተኛ የሆነበትን አቆጣጠር የለመደ ሰው ተገልብጦ ሊያነበው ይችላል። በፈረንሳይ ከ20 ይታረማል፤ 10 ማለፊያ፣ 16 እና ከዚያ በላይ «በጣም ጥሩ» ነው። እዚያ 12 ያገኘ ተማሪ ደህና ሠርቷል፤ ቁጥሩን ዝም ብሎ ወደ 60 በመቶ የሚለውጥ ሬጅስትራር ግን ተማሪውን ይጎዳል። ውጤቱ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ ይገባል ወይስ «አልፏል» ብቻ ተብሎ ይመዘገባል? ይህም በስምምነቱ ላይ ይስፈር።

ወደ ቪዛ ስንመጣ፣ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይፈቅዳል፤ አንድ ሴሚስተር ከዚያ ስለሚበልጥ የሚያስፈልገው የአገሩ የረጅም ጊዜ ቪዛ፣ ማለትም ዲ የሚባለው ነው። በስህተት የአጭር ጊዜ ቀጠሮ ይዞ ወራት ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚመለስ አለ። ጀርመን የታገደ የባንክ ሂሳብ፣ ማለትም ገንዘቡ አስቀድሞ ገብቶ በየወሩ በተወሰነ መጠን ብቻ የሚወጣበት ሂሳብ ትጠይቃለች፤ ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ መጠኑ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ዩሮ ነው። ለአጭር ቆይታ በወሩ ቁጥር ተሰልቶ ይበቃ እንደሆነ ኤምባሲውን መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ወደ አሜሪካ በጄ-1 ቪዛ የሚሄድ የልውውጥ ተማሪ ከተቀባዩ ተቋም ዲኤስ-2019 የተባለው ቅጽ ሊደርሰው ይገባል፤ ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይችልም፤ ትኬት ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሄድ ደግሞ ተመልሶ ሁለት ዓመት በአገሩ የመቆየት ግዴታ ሊኖርበት ስለሚችል ቅጹን አንብቦ ይፈርም።

የባንክ ስቴትመንት ላይ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል። ምንጩን የሚያስረዳ ደብዳቤ አብሮ ይቅረብ። ስኮላርሺፕ ያለውም ቢሆን የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚገባው ተማሪው እዚያ ደርሶ የባንክ ሂሳብ ከከፈተ በኋላ ስለሆነ፣ የቤት ማስያዣና የመጀመሪያው ወር ወጪ በእጅ ሊኖር ይገባል።

ስም ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ፋይል የሚያዘገየው ግን እሱ ነው። በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕት፣ በባንክ ስቴትመንትና በትኬት ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ሰነድ የሚያስተረጉም ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ሰነድ መጀመሪያ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ይተረጎማል። ተገላቢጦሽ ከተደረገ፣ በኋላ የተመታው ማኅተም በትርጉሙ ውስጥ አይገኝም፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከደረሱ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ፋታ አይሰጡም። በጀርመን ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለዚህም ከአከራዩ የተፈረመ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጊዜያዊ ማረፊያ የሚያከራዩ ብዙዎች ይህን ወረቀት አይሰጡም፤ ቤት ሲፈለግ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን። ኮርስ የመጨመርና የመጣል ጊዜም ብዙ ቦታ በእነዚሁ ቀናት ያልፋል። የተቀየረ ኮርስ ካለ በዚያው ሳምንት ለአገር ቤቱ አድቫይዘር ተልኮ ስምምነቱ ይሻሻል።

የመመለሻ ትኬት የፈተና ፕሮግራም ሳይወጣ አይቆረጥ፣ ወይም ቀኑ የሚቀየር ይሁን። በጀርመን የዊንተር (የብርዱ ወራት) ሴሚስተር ትምህርት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ያበቃል፤ አንዳንድ ፈተና ግን ማርች ውስጥ ይገባል። በድጋሚ የሚፈተን ተማሪ በአካል ካልተገኘ ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል። ከመውጣቱ በፊትም የመጣበትንና የሚሄድበትን ቀን የሚገልጽ በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የተፈረመ ወረቀት ይያዝ፤ ትራንስክሪፕቱ ሳምንታት ዘግይቶ ይመጣል።

ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። ተማሪው ሁሉንም እያንኳኳ ከሚለምን፣ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ውጭ ሊተኩ የሚችሉትንና የማይችሉትን ኮርሶች፣ እንዲሁም ለመሄድ የሚመቸውን ሴሚስተር በአንድ ገጽ አውጥቶ ቢለጥፍ፣ ለቀረበለት የኮርስ ጥያቄም በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ቢሰጥ፣ ከላይ ከዘረዘርነው ችግር ትልቁ ከመነሻው ይቀር ነበር። ገጹን ለማዘጋጀት አንድ የዲፓርትመንት ስብሰባ ይበቃል፤ መውጣት ያለበትም የልውውጥ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ነው።

በተማሪዎች ልውውጥ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች