«ስንተኛ ገጽ ላይ ናችሁ?» የሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ክበባችን የጀመረው በእኔ ስህተት ነው። ከሁሉ በፊት እሱን ልናዘዝ።

ዓመቱ ሲጀመር ያወጣሁት ዕቅድ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ይጨርስና ዐሥር ደቂቃ ቆሞ ያቀርባል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ክበብ መሆናችን ቀርቶ ሌላ ክፍለ ጊዜ ሆነን አረፍነው። አቅራቢው ከኢንተርኔት የገለበጠውን ማጠቃለያ ያነባል፤ አድማጩ ሰዓቱን ያያል። ይባስ ብሎ አንዱ ልጅ የመጽሐፉን መጨረሻ ሲዘከዝከው፣ ያንኑ መጽሐፍ ግማሽ ያደረሰችው ተማሪ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ከክፍል ወጣች። መጽሐፉን ዳግም አልከፈተችውም። በአራተኛው ሳምንት ከ20 ሰው 7 ቀረን።

ያዳነችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ተራዋ ደረሰ፤ ምንም አልተዘጋጀችም። «ቲቸር፣ ገና አልጨረስኩትም። ያለሁበትን ቦታ ብቻ ልንገራችሁ?» አለች። የያዘችው የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ነበር። ታሪኩን ሁላችንም የምናውቀው መስሎናል። ስሙ የጭራቁ ሳይሆን የፈጠረው ሰውዬ መሆኑን እንኳ ግማሾቻችን አናውቅም ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለች፦ «ጭራቁ አሁን ገና ማውራት ጀመረ። እስካሁን ስለሱ ሲወራ ነበር፤ አሁን ራሱ ይናገራል። ደግሞ ከፈጣሪው ይበልጥ አንደበተ ርቱዕ ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ፊልም ላይ ሲያጉረመርም የምናውቀው ፍጡር፣ መጽሐፉ ውስጥ ተደብቆ በግድግዳ ስንጥቅ አንድ ቤተሰብ እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፤ ማንበብም ይችላል። «ከዚያስ?» አላት አንዱ። «እኔ ምን አውቄ! ገና ገጽ 97 ላይ ነኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ተማሪዎች ያንኑ መጽሐፍ ይዘው መጡ። የጨረሰ ሰው ያቀረበው መጽሐፍ አንድም አንባቢ አላገኘም ነበር፤ ያልጨረሰችው ልጅ በሦስት ደቂቃ ሁለት አገኘችለት። ሼሊ ድርሰቱን የጀመረችው በ18 ዓመቷ፣ በ1816 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታምቦራ የተባለው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ አመዱ የአውሮፓን በጋ ክረምት አደረገው። ቤት የዋሉት ሼሊና ጓደኞቿ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። መጽሐፉ በ1818 ሲወጣ ስሟ አልነበረበትም። ይህን ስነግራቸው አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «18 ማለት እኮ የሚመጣው ዓመት እኔ ነኝ» ብሎ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን ቀድጄ ጣልኩት። ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ምን እያነበብክ ነው፣ ስንተኛ ገጽ ላይ ነህ? መልሱ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስም፣ መጽሐፍ፣ ገጽ፣ ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስለ አንድ መጽሐፍ ሲወራ ደብተሩ ላይ ከሰፈረው ዝቅተኛ ገጽ አልፎ መናገር ክልክል ነው። ልጆቹ «ስፖይል አታድርጉብን» የሚሉት ሕግ ይህ ነው። ማቋረጥም ይፈቀዳል፤ ምክንያቱ ግን ይጻፋል። «ሰለቸኝ» ብቻ አይበቃም፤ የት ላይ ሰለቸህ?

ይህ የማቋረጥ መብት ከጠበቅኩት በላይ ሠራ። አንዱ ልጅ የፍራንክ ኸርበርትን «ዲዩን» ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጣለው። ደብተሩ ላይ «ስሙ በዛብኝ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሌላ እጅ «መጨረሻው ላይ እኮ መፍቻ አለው!» ብሎ ጨመረ። እውነትም ከኋላ የቃላት መፍቻ አለ። በአራተኛው ሙከራ ዘለቀው። መጽሐፉን በ1965 ያሳተመው ድርጅት በመኪና ጥገና መጻሕፍት የታወቀ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ «ለዚህ ነዋ መመሪያ የሚያስፈልገው» አለ።

የዓመቱ ትልቁ ጠብ የተነሳው በማርስ ምክንያት ነው። አንዲት ተማሪ የአንዲ ዊርን «ዘ ማርሺያን» ጀምራ ነበር። አንድ የጠፈር ተጓዥ በአሸዋ ማዕበል ሰበብ ማርስ ላይ ብቻውን ይቀራል። የፊዚክስ ወዳጆቻችን ወዲያው ተነሱ። የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እዚያ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ሰው ላይ ሲያርፍ እንደ ቀላል ሽውታ ነው፤ መንኮራኩር ሊገለብጥ ቀርቶ ባርኔጣ መውሰዱም ያጠራጥራል። ደራሲው ራሱ ይህን እያወቀ ታሪኩን ለማስነሳት ብሎ እንዳስገባው ተናግሯል። ታዲያ ደራሲ አንድ ውሸት ይፈቀድለታል? ሁለት ሳምንት ተከራከርን።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ኤች ጂ ዌልስ በ1901 ባሳተመው ታሪክ የስበትን ኃይል የሚያግድ ነገር ፈልስፎ ሰዎችን ጨረቃ ላይ አደረሰ። አረጋዊው ደራሲ ዡል ቬርን ተናደደ፤ እስቲ ያምጣውና ያሳየኝ አለ። እሱ ግን በ1865 ባሳተመው ታሪክ ተጓዦቹን ወደ ጨረቃ የተኮሰው በመድፍ ነው! በእንዲያ ያለ ፍጥነት የተተኮሰ ሰው ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይጨፈለቃል። ይህን ሳነብላቸው የምናባዊ ልብወለድ (የአስማትና የዘንዶ ታሪክ) ወገኖች ጠረጴዛ ደበደቡ። አንዷ እንዲህ ብላ ዘጋችው፦ «የኛ ደራሲ ዘንዶ መኖሩን ገና በመጀመሪያው ገጽ ይነግረናል። የናንተው ግን ዘንዶውን ላብራቶሪ ኮት አልብሶ ነው የሚያመጣው።» የፊዚክስ ወገኖች እስካሁን መልስ አላገኙም። እኔም አላገኘሁም፤ ልቤ ከነሱ ጋር ቢሆንም።

አብዛኛው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሚነበብና ወሬው በአማርኛ ስለሆነ፣ ሳናስበው የቃላት ጣጣ ውስጥ ገባን። መንኮራኩር አላስቸገረንም፤ የጋሪ ጎማነቱን ሳይለቅ ጠፈር ላይ የወጣ ቃል ነው። ሮቦትን ለመተርጎም የሞከረው ልጅ ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ሲፈልግ ከካሬል ቻፔክ የ1920 ተውኔት ደረሰ። ለቃሉ መነሻ የሆነው የቼክኛ ቃል የግዳጅ ሥራ ማለት ነው። ትርጉሙን ትቶ «እንግዲህ እነሱም ስለ ባርነት ነበር የሚያወሩት» ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሮቦት ማመጽ የሚያነብ ሁሉ ታሪኩን ከሮቦቱ ወገን ሆኖ መተረክ ጀመረ።

ትልቁ ፈተና ግን እንግሊዝኛው «ዊዛርድ» የሚለው ቃል ነበር። «ጠንቋይ» ሲባል ፊት ይቋጠራል። «አስማተኛ» ካርታ እጅጌው ውስጥ የሚደብቅ ሰው ይመስላል። «ጠቢብ» ደግሞ እሳት የሚያዘንብ አይመስልም። ድምፅ ተሰጠና «አስማተኛ» አሸነፈ። እኔ በ«ጠቢብ» ተሸነፍኩ።

ለምን እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ልናገር። ምናባዊ ልብወለድ አላነብም ነበር። አስማት ሲጀምር መጽሐፍ የምዘጋ ሰው ነኝ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ግን በራሴ ሕግ ተያዝኩ። አንድ ልጅ ስለያዘው መጽሐፍ በጋለ ስሜት ሳወራለት አንድ ገጸ ባሕርይ እንደሚሞት ከአፌ አመለጠኝ። ልጁ ምንም አላለኝም። ደብተሩ ላይ ግን በትልልቁ «መምህሩ አበላሹብኝ» ብሎ ጻፈ። ቅጣቱን ተማሪዎቹ ወሰኑ፦ የመረጡልኝን አነባለሁ፣ በየሳምንቱ እንደ ማንም ገጼን እናገራለሁ።

የመረጡልኝ የኡርሱላ ለ ጉዊን «ኧርዝሲ» የተባሉትን ተከታታይ መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1968 ነው። በደሴቶች ብቻ በተሞላ ዓለም አንድ የፍየል እረኛ ልጅ አስማት ይማራል። እዚያ የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዛል፤ ተማሪዎቹ ዝርዝር ስም ሲሸመድዱ ይውላሉ። አንድ ቃል ፍለጋ ስንጣላ ለከረምን ሰዎች ይህ ሌላ ሰው ስለኛ የጻፈው ነው የመሰለኝ። ገጽ 40 ላይ ሳለሁ አንዷ ተማሪ የሽፋኑን ሥዕል አሳየችኝ። ውስጥ ጠይም የሆነው ልጅ ሽፋኑ ላይ ነጭ ነው። ደራሲዋም በዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልኳን ከአሳታሚዎች ጋር ተሟግታለች። እኔ ሽፋኑን ስንቴ አይቼው ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ልግለጸው። ደብተሩ ሞልቶ ሁለተኛ ጀምረናል። አባላቱ አሁን 31 ናቸው። በመጀመሪያው ወር ጆሮዋን ይዛ የወጣችው ልጅ ተመልሳለች፤ ደብተሩን የምትይዘውም እሷ ናት፤ ሕግ የሚጥስ ካለ ወዮለት። አንድ ተማሪ ለአሥር ሳምንት «ገጽ 112» ብሎ ጻፈ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት «ገጽ 113» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ለእረፍት ሁለቱም ደብተሮች ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ፤ የክበቡ አባል ያልሆነም ቢሆን ገጹን ሊጽፍ ይችላል። እኔ «ኧርዝሲ» አራተኛው መጽሐፍ ላይ ነኝ። ደራሲዋ ከሦስተኛው እዚህ ለመድረስ 18 ዓመት ወስዶባታል፤ እኔ ሦስት ቀን። ገጽ 41። ያለፋችሁኝ ዝም በሉልኝ።