ፊውዙንም ጻፉልን እንጂ!

ሰላም አዘጋጆች፣

ስለ መኪና የውስጥ ኤልኢዲ መብራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ስለ ቀለምና ድምቀት አውርቶ አውርቶ ስለ ሽቦና ስለ ፊውዝ (ኃይል ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን ስለሚቆርጠው) አንድ መስመር እንኳ ሳይል አለቀ። እሳት የሚያስነሳው ቀለሙ ነው እንዴ?

የጣሪያውን አምፖል ብቻ ለሚቀይር ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የድሮውን አውጥቶ ልኩን ማየት ነው። ሁለት ጫፉ ላይ የብረት ቆብ ያለው ከሆነ ርዝመቱ በሚሊሜትር ይለካል፤ 31፣ 36 እና 41 የተለመዱት ናቸው። በጠፍጣፋ እግሩ የሚሰካው ትንሹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቲ10 የሚባለው ልክ ነው። ገጥማችሁት እምቢ ካለ ወዲያው አትጣሉት፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሚለይ ገልብጣችሁ ሞክሩት።

ጣጣው ያለው ከዳሽቦርድና ከወንበር ሥር የሚለጠፈው ጥቅልል መብራት ላይ ነው። ብዙ ሰው ያገኘውን ሽቦ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ "በራ!" ይላል። በራ፣ እሺ። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በተገፋ ቁጥር ሽቦው ከሐዲዱ ጋር እየተፋተገ ላስቲኩ ተልጦ ብረት የነካ ቀንስ? የራሱ ፊውዝ ከሌለው ያ ቀጭን ሽቦ ራሱ ነው የሚግለው። ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ከዚያ መስመሩን ከፊውዝ ሳጥኑ፣ የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ ኃይሉ አብሮ ከሚቋረጠው ቦታ ውሰዱ፤ ለአጭር ጥቅልል 2 ወይም 3 አምፒር ፊውዝ ይበቃዋል። ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር ጎትታችሁ መብራቱን ረስታችሁት ካደራችሁ ግን፣ ባትሪው ደከም ያለ ከሆነ ጠዋት መኪናው አይነሳም። ሌላው ደግሞ፣ በፊት መስታወቱ ጎንና ጎን ባሉት ሽፋኖች ውስጥ ኤርባግ ካለ ሽቦ በዚያ አታሳልፉ፣ አለቀ።

ቀለሙን ካነሳችሁት አይቀር፣ 6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ፎቶ ላይ ያምራል፤ ማታ ሲነዱ ግን መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳል። እኔ 3000 አካባቢ ያለውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን፣ ያውም ደብዘዝ አድርጌ ነው የምመርጠው። ሹፌር ዓይን ውስጥ በቀጥታ የሚያበራ ነገር አይለጠፍ፤ ከጠርዝ ሥር ተደብቆ ወለሉን ቢያበራ ይሻላል።

በሚቀጥለው እትም የፊውዝ ሳጥን ፎቶ ከነማብራሪያው ብታወጡልን፣ የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ ኃይሉ የሚቋረጠው የትኛው ፊውዝ እንደሆነ በኤሌክትሪክ መለኪያ እንዴት እንደሚለይ ጨምራችሁ፣ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

አንባቢያችሁ