«ቲቸር፣ ፀሐዩ በየት በኩል ነው?»፦ የግራፊክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሲከፈት 23 ልጆች ተመዘገቡ። ላብ ውስጥ በደንብ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 6 ናቸው። አንዱ ማውዝ ይይዛል፣ ሦስቱ ከጀርባ ቆመው ያዛሉ። ታኅሣሥ ላይ 14 ቀሩ፤ እውነቱን ለመናገር ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው። የምንገናኘው ዓርብ ከሰዓት፣ ልጆቹ ከጁምዓ ከተመለሱ በኋላ ነበር።

ስለ ሌየር (ምስሉ ላይ እየተደራረበ የሚቀመጥ ንብርብር ነው) እና ስለ መቁረጥ ብዙ አልጽፍም፤ በአንድ ወር አለቀ። ዓመቱን የበላው ስታይል ነው።

ለማታውቁት፦ ፎቶሾፕ ምስል የምናቀናብርበት ፕሮግራም ነው፤ የፎቶሾፕ ስታይል ደግሞ ጥላ፣ ጠርዝ፣ ብርሃንና ቀለም አንድ ላይ ተቀምመው የተቀመጡበት ነገር ነው። ጽሑፉ ያለበትን ሌየር ትመርጣላችሁ፣ ስታይልስ ከሚለው ፓነል አንዷን ትንሽ ካሬ ትጫናላችሁ፣ ጽሑፉ ወዲያው ወርቅ ይሆናል። ሌላዋን ስትጫኑ ብርጭቆ ይሆናል። ፓነሉ የመጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ከፎቶሾፕ 6 ጋር ነው፤ ልጆቼ ገና አልተወለዱም። እኔ የምለው ግን ከገበያ እንደተገዛ በርበሬ ነው። ይጣፍጣል፤ የቀመመው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ለሌላ ወጥ።

ኅዳር ሙሉ ወርቅ ስንቀባ ከረምን። ስም ወርቅ፣ የክፍል ፕሮግራም ወርቅ። «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ጠፋብኝ!» የሚል ጩኸት በየአምስት ደቂቃው ይሰማል። ሁለተኛ ስታይል ሲጫኑ የፊተኛውን ይተካዋል፤ እንዲደረብ ከፈለጋችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ነው የምትጫኑት። ይህን ካወቁ በኋላ ደግሞ ሁሉንም መደረብ ጀመሩ። ምን ይደረጋል።

ያስተማረን የወላጆች ቀን ፖስተር ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ በኒያላ ፊደል ጻፈችው፣ ወርቁን ስታይል ጫነችበት፣ በራፍ ላይ ተለጠፈ። ጠዋት ስገባ ዘበኛችን አባባ ከፖስተሩ ፊት ቆመዋል። «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት ቢት የሚባለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም «ቢት» ይላል።

ልጅቷ «ቤ»ን በትክክል ነው የጻፈችው። ስታይሉ ውስጥ ግን ስትሮክ፣ ማለትም ፊደሉን ዙሪያውን የሚከብ መስመር አለ፤ ወደ ውጭ 6 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ይወፍራል። ስትሮኩ የ«ቤ»ን ትንሽ ቀለበት ደፈናት፤ ቀለበቷ ስትደፈን ኃምሱ ሳልስ መሰለ። ስታይሎቹን ያዘጋጇቸው ሰዎች ያሰቡት ስለ ላቲን ፊደል ነው። እዚያ «ኦ» ምን ቢወፍር ሌላ ፊደል አይሆንም። እኛ ዘንድ ግን በ«ሚ» እና በ«ሜ» መካከል ያለችው ያቺው የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ናት። ሌየሩ ሥር የተዘረዘረውን ስትሮክ ሁለቴ ተጭነን ከ6 ወደ 2 አወረድነው። «ቤት» ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታይል ከጫኑ በኋላ ከፍቶ ውስጡን ማየት የክበቡ ሕግ ሆነ።

ከጥምቀት በኋላ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ አነሳን። የእንጨቱ ሰገነት በጠዋት ብርሃን ደስ ይላል። ላብ ተመልሰን ርዕስ ጻፍንበት፣ ጥላ ያለው ስታይል ጫንን፣ ግን የሆነ ነገር አይመችም። ማንም ምን እንደሆነ አልተናገረም። በመጨረሻ ብዙም የማያወራ አንድ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ፀሐዩ በየት በኩል ነው?» አለ።

ፎቶው ላይ ፀሐይ ከቀኝ ነው የመጣችው። የስታይሉ ብርሃን 120 ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህም ከላይ ከግራ ማለት ነው። ስለዚህ የሰገነቱ ጥላ ወደ ግራ፣ የጽሑፉ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። ሁለት ፀሐይ! ከቢሮ የጅማ ዱካ አውጥተን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥንና ዙሪያውን ዞርን። ሦስት እግር፣ ሦስት ጥላ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ተመልሰን 60 ዲግሪ አደረግነው። ግሎባል ላይት (ሌየሮቹ ሁሉ አንድ ብርሃን እንዲጋሩ የሚያደርግ ምርጫ) የሚለው ምልክት ስለተደረገበት የሌሎቹም ሌየሮች ጥላ አብሮ ዞረ። የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜ ያ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ደጅ ነው ያለፈው።

ባነሩ ላይ ጥፋቱ የእኔው ነው። በ900 ፒክስል ስፋት ያለቀውን ሥራ ለ3 ሜትር ባነር ሳሳድገው፣ ስታይሉም አብሮ እንዲያድግ የሚያደርገውን ምርጫ ረሳሁት። ፊደሎቹ ሰው አከሉ፤ ጥላው ግን 5 ፒክስል እንደነበረ ቀረ። በ72 ፒክስል በኢንች ሲታተም 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተሰቅሎ ያየሁት ቀን ዝም ብዬ አለፍኩ።

ሚያዝያ ላይ ልጆቹ የራሳቸውን ስታይል ሠሩ፤ ስሙ «ቡና»። ጥቁር ቡናማ ቀለም፣ ስስ የወተት ቀለም ጠርዝ፣ ለስላሳ ጥላ። ፓነሉ ላይ አስቀምጠው ገና ሲጨባበጡ መብራት ጠፋ። ሲመጣ «ቡና» የለም። ፎቶሾፕ አዲስ ስታይልን የሚይዘው በወጉ ሲዘጋ ነው። ደግነቱ ፖስተሩ ራሱ ሴቭ ተደርጎ ነበር፤ ሌየሩ ላይ የተጫነው ስታይል ደግሞ ከፋይሉ ጋር ይኖራል። ሌየሩን መረጥን፣ አዲስ ስታይል የሚለውን ተጫንን፣ «ቡና» ተመለሰ። ወዲያው በኤኤስኤል (የስታይል ማስቀመጫ) ፋይል አውጥተን ሦስት ፍላሽ ላይ ገለበጥነው።

የሚቀጥለው ዓመት አባላት፦ ፋይሉ ላብ ውስጥ 4ኛው ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ አለ። ፍላሻችሁን ከቫይረስ አጽድታችሁ ኑ። ስትሮኩ 2 ነው፤ እንዳትነኩት።