በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ልጆች እስክስታ እየወረዱ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

ባለፈው እሑድ በባህል ገጻችሁ ስለ አዲስ አበባ ቴአትርና ውዝዋዜ ያወጣችሁትን ዘገባ እኔም ጎረቤቶቼም ደጋግመን አንብበነዋል፤ ከጽሑፉ በላይ በትልቁ የታተመው ፎቶግራፍ እኔ በማሠለጥነው የወጣቶች ክበብ ያሉት የልጆቻችን ነውና። ከፎቶግራፉ ግርጌ «ወጣቶች እስክስታ ሲለማመዱ» የሚል መግለጫ ሰፍሯል። ልጆቹ እስክስታ እየወረዱ አይደለም። የያዙት የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ነው። ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያሻም፤ ወንዶቹ ዱላ ይዘዋል፣ የሴቶቹ ጸጉር አየር ላይ ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት አንገትና እግር እንጂ ትከሻ አይደለም። ቦታው ደግሞ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ነው፤ የሰፈሩ ስም ግን በገጹ ሙሉ አንድም ቦታ አልተጠራም።

ጽሑፉ ባይከተለው ኖሮ መግለጫውን እንደ ጥድፊያ ስህተት ቆጥሬ ባለፍሁት ነበር። ዘጋቢያችሁ «ከቀለበት መንገድ ባሻገር መድረክ የለም፤ በአዳዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውዝዋዜ ከሰርግ ማድመቂያነት አላለፈም» ሲል ደምድሟል። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፎቶግራፍ ያነሣችሁትን ነገር የለም ብላችሁ ጻፋችሁ፤ የለም ያላችሁትን ነገር ደግሞ ለጽሑፋችሁ ማድመቂያ አደረጋችሁት። ሰርግ ማድመቂያ የተባልነው እኛ ነን፤ ያደመቅነው ግን የእናንተን ገጽ ነው።

ዘጋቢው እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጧል። ልጆቹ ትርኢታቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳይተውታል። ትርኢቱ ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነሥታ ወደ ዳር ስለ መጣች አንዲት እናት፣ መሬቱ በካሳ ተወስዶበት በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመው ሕንፃ ዘበኛ ስለ ሆነ አንድ አርሶ አደርም ነው። ሁለቱ በደረጃው ሥር ሲገናኙ የሚሆነውን ልጆቹ ያለ አንዲት ቃል በውዝዋዜ ይሠሩታል፤ የእሷ እግር የሚያውቀው አንድ ምት ነው፣ የእሱ ሌላ፤ እስኪገጥሙ ድረስ ይጋጫሉ። ዘጋቢያችሁ ስለዚህ አንድም ጥያቄ አላቀረበም። የጠየቀው ክፍያ እናገኝ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንደማናገኝ ስነግረው ማስታወሻውን አጥፎ ተነሣ።

ጽሑፉ መድረክን የሚቆጥረው በሕንፃ ነው። ሀገር ፍቅርን ጠርቶ፣ ብሔራዊ ቴአትርንና ራስ ቴአትርን አስከትሎ ቆጠራውን ይጨርሳል። ይህ መለኪያ የቴአትራችንን የራሱን ታሪክ ይክዳል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የአውሬዎችን ተረት ተውኔት አድርገው የሹማምንቱን ጥፋት ሲያሳዩ መድረካቸው የሆቴል አዳራሽ ነበር፤ በከተማው ቴአትር ቤት የሚባል አልነበረም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ሲታገድ «ቦታው ሆቴል ነውና ይህ ቴአትር አይባልም» ብሎ ያለፈው የለም። በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም በመጀመሪያ ማኅበር ነበር፤ ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተነሣ ማኅበር። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተመርቆ ሲከፈት፣ የአማርኛ ቴአትር ከተወለደ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ጥበቡ ቀድሞ ተገኝቷል፤ አዳራሹ ኋላ ተከትሎታል።

እኔ ራሴ ውዝዋዜን የተማርሁት በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ነው። ያን ጊዜ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ነበረ። የምንዘፍነው መፈክር እንደ ነበር፣ የምንለብሰውና የምንናገረው ከላይ እንደሚታዘዝ አልክድም፤ ሆኖም ከዚያ የወጡ ስንት ተዋንያንና ተወዛዋዦች በኋላ የትልልቆቹን ቴአትር ቤቶች መድረክ ይዘዋል። ከኪነት በኋላም በየትምህርት ቤቱ የጸረ ኤድስ ክበባት ጭውውት መጣ። ዘመናዊ ዳንስን እንኳ ብንወስድ፣ በ1988 ዓ.ም. የጎዳና ልጆችን ማሠልጠን የጀመረው አዱኛ የተባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን ነው ለብዙዎቻችን በሩን የከፈተው፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል እንደ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ያሉ በዓለም መድረክ የታወቁ ወጥተዋል። ጎዳና ላይ የነበረ ልጅ ይህን ካደረገ፣ የኮንዶሚኒየም ልጅ ምን ይጎድለዋል?

በዘገባው ውስጥ ስማቸው ያልተጠቀሰ አንድ «የባህል ባለሙያ» ወጣቶች ውዝዋዜን እየበረዙት እንደ ሆነ ተናግረዋል። በዚህ ላይ ቆም ብዬ መነጋገር እወዳለሁ። ውዝዋዜ በሰርግና በዓውደ ዓመት በክብ ነው፤ የደከመው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ይቀበላል፣ ሲያሻው ራሱ ይገባበታል። ቴአትር ቤቶቹ ወደ መድረክ ሲያወጡት ግን ክቡን ከፍተው በረድፍ አሰለፉት፣ ፊቱን ወደ ወንበሩ አዞሩት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀውን ጭፈራ በደቂቃዎች ቆረጡት፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልብስ አለበሱት። ይህን ነቀፋ አድርጌ አላነሣውም፤ ትልቅ ሥራ ነበር፣ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። ነገር ግን ዛሬ «ያልተበረዘው» ተብሎ የሚጠቀስልን ያው የመድረክ ቅንብር ነው። እነርሱ ሲለውጡት ጥበብ፣ የእኛ ልጆች ሲለውጡት ብረዛ የሚሆንበትን ምክንያት ባለሙያው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የእኛ ልጆች ክቡን መልሰውታል። የሚለማመዱት ከብሎኮቹ መካከል በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ነዋሪው ዙሪያውን ይቆማል፣ ከበረንዳም ያጨበጭባል። አንድ ቅዳሜ በዚያው አካባቢ ተወልደው ያረሱ አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው መጡና ጥቂት ተመልክተው ልጆቹን አስቆሟቸው። «እግርህ መሬቱን ሳይመታ አንገትህ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ራሳቸው ገብተው ኮብልስቶኑን ሲረግጡ የጫማቸው ድምፅ እስከ ላይኛው ፎቅ ተሰማ። ከወላይታ ቤተሰብ የተወለደች ልጃችን የወገቧን እንቅስቃሴ ከረገዳው ጋር ማገናኘት ፈልጋ ፈቃዳቸውን ጠየቀች። ዝም ብለው አዩአት፤ ከዚያም «ምቱን እስካልሳትሽ ድረስ ግቢ» አሏት። በፎቶግራፋችሁ ላይ ከግራ ሁለተኛዋ እሷ ናት። ዘጋቢያችሁ ሲመጣ እኒህ አባት ከክቡ ዳር ቆመው ነበር፤ አላነጋገራቸውም።

ነዋሪዎቹ «ለጥበብ ግድ የላቸውም» ስለተባለውም ዝም ልል አልችልም። ወረዳችን አዳራሽ አለው፤ የሚከፈተው ለስብሰባ ነው። ለልምምድ እንዲፈቀድልን በጽሑፍ ጠይቀን በቃል «እናያለን» ተብለናል፣ ክረምቱም በደረጃ ሥር አልፏል። ከእኛ ሰፈር አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ መሃል ከተማ ቴአትር ልትመለከት ብትወጣ፣ ለሰልፉና ለመንገዱ ከቀትር በፊት መነሣት አለባት፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ታክሲ ጠፍቶ በኮንትራት የምትከፍለው ከመግቢያው ይበልጣል። ወንበሩ ላይ ያላያችኋት ግድ ስለሌላት አይደለም። ይህን ለማወቅ ዘጋቢው ወደ ቤቱ በተመለሰበት መንገድ ላይ መስኮቱን መመልከት ይበቃው ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የፎቶግራፉ መግለጫ እንዲታረም፣ ረገዳው ረገዳ፣ ሰፈሩም ቱሉ ዲምቱ ተብሎ እንዲጻፍ፤ እርማቱም በመጨረሻው ገጽ ጥግ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት የባህል ገጽ ላይ እንዲወጣ። ልጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። ሌላ ዘጋቢ ብትልኩ እንቀበለዋለን፤ እግረ መንገዱንም ወረዳው ጎራ ብሎ አዳራሹ ለልጆቹ የማይከፈተው ለምን እንደ ሆነ ይጠይቅልን፤ ለእናንተ በጽሑፍ ይመልሱ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የወጣቶች ክበብ አሠልጣኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ